መርሎ ብዬ የጻፍኩበት ቆርቆሮ

የሥራ ዘመኑን የሚተርክ ሰው ብዙውን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ፣ ልጆቹን ድሮ፣ ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥቶ ነው። እኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ዘመን የምለውም ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች አንዲት የችግኝ ጣቢያ ያሳለፍኳቸውን ስምንት ዓመታት ነው። ዛሬ የምተዳደረው በቀለምና በብሩሽ ነው። የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ፤ ባጃጅ ኋላ ላይ ባለቤቱ የፈለገውን እጽፋለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ማንም ያላስተማረኝን ግጥም እጽፋለሁ። ጣቢያውን ከለቀቅሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን ግን አንድ ቅጠል ባየሁ ቁጥር ቆሜ ጫፉን እቆጥራለሁ።

የተቀጠርኩት በእጅ ጽሑፌ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት አልመጣልኝም፤ ጣቢያው ግን በየመደቡ ላይ የሚተከለውን ቆርቆሮ በቀለም የሚጽፍ ሰው ይፈልግ ነበር። ከጣራ ቆርቆሮ የእጅ መዳፍ የሚያህል ይቆረጣል፣ በሚስማር ይበሳል፣ በሽቦ ይታሰራል፤ እኔ በቀጭን ብሩሽ የተክሉን ስም እጽፍበታለሁ። ደመወዙ የኮንትራት ደመወዝ ነበር፤ ስለሱ የምለው ይኸው ነው።

በስምንት ዓመት ሦስት ኃላፊ አይቻለሁ። የመጀመሪያው እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር የመንገዱን ዳር ድንጋይ ኖራ ያስቀባን ነበር። ሁለተኛው ጦርነቱ ሲመጣ እንደ ሁላችንም ሸሸ፤ እኛ ተመለስን፣ እሱ ቀረ። ሦስተኛው አቶ ሰጠኝ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ከተነሳ ቶሎ እንዲተኛለት የሚፈልግ ሰው ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን ጋሼ በሪሁን ናቸው። የዋጃ ሰው ናቸው፤ የጣቢያው ፎርማን። ፊደል አልቆጠሩም። ግራ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤ ቀኙም እየደከመ ነበር። ቅጠል ለመለየት የሚጠቀሙት ከንፈራቸውን ነው። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን ወደ ታችኛው ከንፈራቸው ያስጠጉና ዝም ይላሉ። ጠጉር ያለውን፣ ለስላሳውን፣ ሰም የተቀባ የሚመስለውን በዚያ ያውቁታል። ሠራተኛው ይስቃል፤

«ጋሼ በሪሁን ዛሬም ቅጠል ሳሙ!»

«ያንተን ሚስት ከምስም ይሻላል፤ ቅጠል አይጮህም» ይላሉ፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ።

ቁርጥራጭ ግንድ ሲያዘጋጁ እግሩን ከእንቡጡ ሥር ቀጥ አድርገው፣ ራሱን ከእንቡጡ በላይ ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል። «እግሩ ይቀመጥ፣ ራሱ ይዘንብል። ያን ጊዜ የሚተክለው ሰው ሰክሮም ቢሆን አይገለብጠውም።» ሌላው ልማዳቸው ባዶ ቆርቆሮ ነው። የካፖርታቸው ኪስ ምንም ያልተጻፈበት ቆርቆሮ ሞልቶበት ይንኳኳል። ማንነቱን የማያውቁት ተክል ሲመጣ አንዱን አውጥተው ያስሩበታል።

«ምን ልጻፍበት?» አልኳቸው መጀመሪያ ሰሞን።

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይታሰራል?»

«አላወቅነውም ማለት ነዋ። አላወቅነውም ማለትም ሥራ ነው።»

በሩ አጠገብ ባዶ ቆርቆሮ ተሸክማ አራት ዓመት የቆየች አንዲት ዛፍ ነበረች። ኖራ የሚያስቀባን ኃላፊ ስንት ጊዜ «ብርቱካን ብላችሁ ጻፉባትና እንገላገል» ብሏል። ጋሼ በሪሁን እምቢ አሉ። ያፈራች ዕለት አንዱን ፍሬ ቆረጡና ላሱት፤ ፊታቸው ተኮማተረ። «በል አሁን ጻፍላት፤ ሎሚ ናት።»

ከጦርነቱ በኋላ ስንመለስ አጥሩ ተነቅሎ፣ የውኃ ሞተሩ ተወስዶ፣ መደቦቹ ላይ ከብት ተኝቶባቸው ነው የጠበቁን። ያቺን ሎሚ እንኳ ለማገዶ ቆርጠዋታል። በዚያው ሰሞን ነው የወይኑ ወሬ የመጣው። አንድ የወይን ጠጅ ድርጅት በጉድጓድ ውኃ ከሚያለሙ ገበሬዎች ጥቁር ወይን ሊገዛ ነው ተባለ፤ ግንዱ ከደቡብ በመኪና ይመጣል፣ እኛ ችግኝ እናፈላለን፣ ገበሬው ይተክላል። ማሳ አመድ በሆነበት ዓመት እንዲህ ያለ ወሬ እንደ ዝናብ ነው።

መኪናው የደረሰው ጋሼ በሪሁን በሌሉበት ነው። ወንድማቸው ዋጃ ሞቶባቸው ለቅሶ ተቀምጠው ነበር። የግንዱ እስሮች በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልለዋል። በየእስሩ ላይ ወረቀት ተሰፍቶ ነበር፤ ሹፌሩ በየመንገዱ ውኃ ሲያርከፈክፍበት መጥቷልና የሦስቱ እስሮች ወረቀት ሟሙቶ ጠፍቷል። የሌሎቹ ይነበባል፤ ገሚሱ ጥቁሩ መርሎ፣ ገሚሱ ነጩ ሻርዶኔ። የሦስቱን ግንድ አንስቼ ከሌሎቹ ጋር አስተያየሁት። እርሳስ የሚያህል ደረቅ እንጨት ነው ሁሉም። ምንም አይናገርም።

በማግስቱ የድርጅቱ ባለሙያ ሊመጣ ነው። ኪሴ ውስጥ ባዶ ቆርቆሮ ነበር፤ ጋሼ በሪሁን ሲሄዱ የሰጡኝ። አውጥቼ ያዝኩት። ባለሙያው አይቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ቢለኝ «አላወቅነውም» ማለት ሊኖርብኝ ነው። ብቻዬን ጣቢያውን የያዝኩባት የመጀመሪያዋ ቀን ናት። ብሩሼን ነከርኩና መርሎ ብዬ ጻፍኩ። ሦስቱንም። ጽሑፉ ደግሞ አማረልኝ።

ባለሙያው በማግስቱ መጣ፤ ረጋ ያለ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ ሰው። ቆርቆሮዬን አንብቦ፣

«የጻፈው ማነው? ሰው ሁሉ መርሎት ነው የሚለው፤ የቢሯችሁም ወረቀት እንደዚያ ይላል» አለ።

«እኔ ነኝ። በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ።»

«ጎበዝ። ፈረንሳዮቹ መጨረሻዋን አይጠሯትም። የወፍ ስም ነው፤ ታውቃለህ? እነሱ አገር አንድ ጥቁር ወፍ አለ። ወይኑን በሱ ጠሩት፤ ትንሹ ጥቁር ወፍ እንደ ማለት ነው።»

«ለምን በወፍ?»

«ፍሬው እንደ ላባው ስለሚጠቁር ነው የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቀድሞ ስለሚበስል ያ ወፍ ከሰው በፊት ስለሚደርስበት ነው ይላሉ። የትኛው እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም። ጠርሙስ ላይ ስታነበው ግን ወፉን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ የመጠጥ ስም ሆኗል።»

ያቺ ቃል በላችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ከአፌ አልወጣችም። ጣቢያው ውስጥ ሦስት ስም ነበራት፤ በወረቀት መርሎት፣ በኔ ቆርቆሮ መርሎ፣ በጋሼ በሪሁን አፍ «ጥቁሩ»። ከለቅሶ ሲመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ እስሮቹ ነው። ቆርቆሮውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣

«ይሄ ምን ይላል?» አሉኝ።

«መርሎ።»

«ማን አለ?»

«ከነስሙ ነው የመጣው ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ግንዱ ወደሚተከልበት የአሸዋ መደብ ሄዱ። ውሸቱ ይህች ናት፤ ሦስት ቃል። የቀረው ሁሉ ከሷ የበቀለ ነው።

በወሩ እንቡጡ ፈነዳ፤ ቅጠል ወጣ። መርሎ ተብሎ የመጣው እስር ቅጠሉ ጠልቆ የተቀደደ፣ አምስት ጣት ያለው እጅ የሚመስል ነው። ሻርዶኔ ተብሎ የመጣው ክብ ነው፤ እምብዛም አልተቀደደም። እኔ መርሎ ያልኳቸው ሦስቱ እስሮች ያወጡት ቅጠል ክብ ነበር።

አየሁት። ዓይኔ ያያል፤ በዓይኔ የታማሁበት ቀን የለም። ቆሜ አየሁት፤ ሲነጋም አየሁት፤ ሲያድግ ይቀደድ ይሆናል አልኩ። ጋሼ በሪሁን አንዱን ቅጠል ገልብጠው ከንፈራቸው ላይ አሳረፉና ቆዩ።

«ቅጠሉ ሰፋ ልበል?»

«ፍጉ በዝቶበት ነው።»

«ዓይኔ ነው እንጂ... አንተ አየኸው?»

«አይቼዋለሁ።»

«ምን ይላል?»

«ከቆርቆሮው ጋር ይስማማል።»

ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን ሙሉው አይደለም። ያን ጊዜ ስለዚያ ወፍ ግጥም ጽፌ ነበር። ለሠራተኛው አንብቤው አጨብጭበውልኛል። ስሙን ከቅጠሉ አብልጬ አመንኩት።

ሦስቱ እስሮች የደረሱት ለእትዬ ዝናሽ ነው። ከጎብዬ በላይ ማሳ ያላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከናቴ ጋር በአንድ ማኅበር የምትጠጣ ሴት ናት። አንድ ልጅ አለቻት፤ ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ። ልጂቱ የወይኑን እንጨትና ሽቦ መግዣ ከዚያ ልካለች፤ ወይኑ ባፈራበት ዓመት ጠቅልላ ልትገባ ተስማምተዋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ እናቴ ቤት ሲወራ ሰምቻለሁ።

ችግኙን ልታይ ስትመጣ ስሙን ጠየቀችኝ። የወፍ ስም ነው አልኳት፤ የማውቀውን ለማሳየት ስቸኩል።

ነጠላዋን ሰበሰበችና ተነሳች። «ወፍ? ውይ በሞትኩት! እኔ ወፍ አላውቅም ብለህ ነው? ያን ጊዜ ግሪሳ የወረደ ጊዜ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ስወነጭፍ ክንዴ አብጦ፣ ማታ ማሽላዬ ባዶ አገዳ ነበር። ወፍ አሳዶኝ የኖርኩ ሴትዮ በወፍ የተጠመቀ ነገር እማሳዬ ላግባ?»

«እትዬ፣ ስሙ እኮ ነው...»

«ስም መቼ ቀላል ሆነና! ያን ነጩንስ ምን ትሉታላችሁ? እሱን ስጠኝ።»

እሱን ስጠኝ አለችኝ። እዚያው ቆሞ የነበረው አቶ ሰጠኝ «ድርጅቱ እዚህ የሚገዛው ጥቁሩን ነው እናቴ፤ ነጩ ለሙከራ ብቻ ነው» አላት። እኔ ደግሞ ጉሮሮዬን ጠርጌ ግጥሜን አነበነብኩላት፤

ስሙን ብቻ ይዞ ወፍነቱን ግን ጥሎ፣
ክንፉን ቅጠል አርጎ እግሩን መሬት ተክሎ፣
አይበርም ከእንግዲህ መርሎ ጥቁር መርሎ።

ሳቀች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «አፈ ቅቤ! አንተን ያገባች ምን ትሆን ይሆን? በል እሺ፤ አይበርም ካልክ ጫንልኝ።»

ጋሪው ላይ የጫንኩት በገዛ እጄ ነው። ክብ ክብ ቅጠሉ ከነቆርቆሮው እየተንቀጠቀጠ ወጣ።

ወይን ቸኩሎ አያጋልጥም። ቃሪያ ቢሆን ኖሮ በሦስት ወር ተይዤ ነበር። እትዬ ዝናሽ ማሽላ የምትዘራበትን ማሳ ሁለት ዓመት ለወይኑ ሰጠች። እህል ከገበያ እየገዛች በላች። መንገድ ሲዘጋ ቆሎ ቆረጠመች። የግንዱን ክንድ በሽቦ ላይ እንዴት እንደሚዘረጋ ያሳየኋት እኔ ነኝ፤ እየሄድኩ እገርዝላታለሁ። በሄድኩ ቁጥር ቅጠሉን አያለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ ወጥቼ ያስቀመጠችልኝን በልቼ እመለሳለሁ። ቆርቆሮው የመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ ላይ ታስሯል። ዝናብ ሲያጥበው በጨርቅ ትወለውለዋለች።

ፍሬው በሁለተኛው ዓመት መጣ፤ ዘለላው ብዙ ነበር። ያን ሰሞን በየቀኑ ስልክ ትደውላለች።

«መቼ ነው የሚጠቁረው?»

«ትንሽ ይቆያል እትዬ።»

«የጎረቤቴ እኮ ጠቆረ። የኔ እንደ መስተዋት እያበራ ነው። ውኃ አብዝቼበት ይሆን?»

«ይሆናል» አልኳት። ይሆናል አልኳት።

የድርጅቱ ባለሙያ ሊለቅም መኪና ይዞ የመጣ ዕለት እኔና ጋሼ በሪሁን ማሳው ላይ ነበርን። ልጂቱ በስልክ ታይ ዘንድ እትዬ ዝናሽ ስልኳን ከፍታ ይዛለች። ባለሙያው አንድ ፍሬ ወደ አፉ አደረገ፤ ዘሩን ተፋው፤ ቅጠሉን ዘርግቶ አየ። ከዚያም ቆርቆሮውን አነበበ።

«ጣፋጭ ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ግን ነጭ ነው እናቴ። መርሎ አይደለም።»

«ገና ነው እንጂ፤ ሳይጠቁር...»

«በስሏል። ከዚህ ወዲያ አይጠቁርም። እኔ እዚህ የምጭነው ጥቁሩን ብቻ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

በስልኩ ውስጥ የልጂቱ ድምፅ «እማ፣ ምን አለ? እማ?» ይላል። እትዬ ዝናሽ ስልኩን ዘጋችው።  ወደ ቆርቆሮው ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው፤ ያላነበበችው ነገር ያለ ይመስል።

ቆቦ ገበያ አንድ ቅርጫት ይዛ ወጣች። ሰው ቀመሰና ትንንሽ ነው፣ ዘር ብቻ ነው ብሎ አለፈ። የቀረው ዘለላ ሽቦው ላይ ቀረ። ጅዳ ያለችው ልጅ ኮንትራቷን አራዘመች።

አቶ ሰጠኝ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ስብሰባ ጠራን። ግራር ሥር አግዳሚ ወንበር ወጣ። እትዬ ዝናሽ አንድ ዳር፣ እኛ ሌላ ዳር። የድሮው መዝገብ ይምጣ ተባለ፤ መዝገቡ ላይ ያለው መኪናው በደረሰበት ቀን የተጻፈ የኔ ጽሑፍ ነው፤ እሱም መርሎ ይላል።

«ስሙን ማነው ያወጣው?» አለ አቶ ሰጠኝ።

ልነሳ ነበር። ጉልበቴ ላይ እጄን ጭኛለሁ፤ ያን አስታውሳለሁ። ጋሼ በሪሁን ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ። እስሮቹን በመጡበት ዕለት አየሁ፣ ጥቁሩ ነው አልኩ። ልጁ ያልኩትን ጻፈ። ዓይኔ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።»

እትዬ ዝናሽ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ብዙ አየችኝ። እኔ የግራሩን ጥላ እያየሁ ነበር። ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም፤ ነገሩ ተኛ። በወሩ የጋሼ በሪሁን ኮንትራት ሳይታደስ ቀረ። የሄዱ ቀን ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በሩ ላይ ቆሙ፤ ኪሳቸው ተንኳኳ።

«ጋሼ፣ እኔ...» አልኩ።

«የመግረዣውን መቀስ ዘይት ቀባው፤ ይዝጋል» አሉና ሄዱ።

አራት ወር ቆየሁ። ከዚያ ለቀቅሁ። አቶ ሰጠኝ ጋ ገብቼ ስሙን የጻፍኩት ከራሴ እንደሆነ ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠና «አሁን ይሄን ምን አመጣው? ተዘግቷል እኮ» አለኝ። መልቀቂያዬን ፈረመልኝ፤ ስለ መልካም ጽሕፈቴም አንድ መስመር ጨመረበት።

እትዬ ዝናሽ ማሳ የሄድኩት ሁለተኛው ፍሬ በደረሰበት ሰሞን ነው። አልነቀለችውም፤ አልገረዘችውም። ከመንገዱ ጀምሮ ጫጫታው ይሰማል። ጥቁር ወፍ ሽቦውን ሞልቶታል፤ ክንፉ ሥር ቀላ ያለ፣ የገደል ወፍ። ዘለላውን እየቦጨቀ ይበላል። ግሪሳን በወንጭፍ ስታባርር የኖረች ሴት ደጇ ላይ ተቀምጣ ታያለች።

«አታባርሪውም?» አልኳት።

«ለማን ብዬ?»

ቆሜ ነገርኳት። ከእስሩ ጀምሬ፣ ከወረቀቱ መሟሟት ጀምሬ፤ ክብ ቅጠሉን፣ ውሸቱን፣ ግጥሙን።  ስጨርስ፣

«አውቃለሁ» አለች።

«ጋሼ በሪሁን ነገሩሽ?»

«እሱ ምን ይነግረኛል! ያ መኪና የመጣ ዕለት እኔ የት ነበርኩ ብለህ ነው? ዋጃ። የሞተው ወንድሙ የባሌ ክርስትና አባት ነው። ሦስት ቀን አንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠናል። ስብሰባው ላይ እኔ ነኝ ያየሁት ሲል ሰማሁት። ምን ዓይነት ማየት ነው ይሄ አልኩ፤ ዋጃ ሆኖ ቆቦ ያለ እንጨት ማየት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ አፍ ስለነበረህ። አሁን ይናገራል፣ አሁን ይናገራል እያልኩ አየሁህ። ያንን ሁሉ ግጥም የምታወርደው ልጅ አንድ ቃል ታጣለህ ብዬ መች ጠረጠርኩ።»

ተነስታ ወደ ረድፉ ሄደች። ወፎቹ አልሸሹም፤ ለቀቅ ብለው ብቻ አሳለፏት። ሽቦውን ፈትታ ቆርቆሮውን አመጣችልኝ።

«ያንተ ነው። ወደ ዋጃ የሚሄድ ሚኒባስ አለ።»

በዚያው ሄድኩ። ጋሼ በሪሁን የእህታቸው ቤት ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ቀኝ ዓይናቸውም ጠፍቷል። በድምፄ አወቁኝ፤ እናቴን ጠየቁኝ፤ መቀሱን ጠየቁኝ። ቆርቆሮውን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ጠርዙን አወቁት።

«ይሄ ምን ይላል?»

«መርሎ።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም ጋሼ። እኔ ነኝ።»

 ቆርቆሮውን ወደ ታችኛው ከንፈራቸው አስጠጉትና፣ እንደ ቅጠል፣ ቆዩ። ከዚያ ገለበጡት።

«በዚህ በኩልስ?»

«በዚያ በኩል ባዶ ነው።»

«ባዶውን ወደ ውጭ አድርገህ ወይኑ ላይ እሰረው» አሉና መለሱልኝ።